«ጎ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ከነሥሩ ለመያዝ፦ ዝርዝር መመሪያ

«ጎ» ማለት «ሄደ» ነው ተብሎ ደብተር ላይ ይጻፍና ይታለፋል። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው። ወተቱ «ዌንት ባድ» ሲባል የትም አልሄደም፤ ተበላሽቶ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ማንቂያው «ዌንት ኦፍ» ሲባል ጮኸ ማለት ነው፤ መብራቱ «ዌንት ኦፍ» ሲባል ግን ጠፋ። ሰውዬው «ኢዝ ጎዊንግ ቱ ስሊፕ» ሲባል ደግሞ ምናልባት ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም።

አጫጭር የእንቅስቃሴ ግሶች ሁሉ ጠባያቸው እንዲህ ነው። የኦክስፎርድ ታላቁ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ራን» የሚለውን፣ የእኛን «ሮጠ»፣ ሲያድሱ በግስነቱ ብቻ 645 ትርጉም ቆጥረውለታል። ያን ያህል ዝርዝር በቃል የሚይዝ የለም፤ እንግሊዞቹም አይዙትም። የሚያዘው ግሱ የተነሣበት አሳብና የተጓዘበት አቅጣጫ ነው። ይህ መመሪያ «ጎ»ን በዚያ መንገድ ያስኬዳል። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በራሳችን ፊደል የጻፍነው ድምፃቸውን ለማቅረብ ያህል ነው፤ ደብተራችሁ ላይ በላቲን ፊደላቸው ጻፏቸው።

መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ቅደም ተከተሉን እዩ

ሁለት ዓይነት መዝገበ ቃላት ያስፈልጋችኋል። አንደኛው የተማሪ መዝገበ ቃላት ነው፤ የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅ ወይም የሎንግማን፣ ሁሉም በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። ሁለተኛው የቃላትን ታሪክ የሚሰጥ ነው፤ ለዚህ «ኦንላይን ኤቲሞሎጂ ዲክሽነሪ» ለጀማሪ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተማሪ መዝገበ ቃላት ትርጉሞችን የሚደረድረው በአብዛኛው ዛሬ በብዛት የሚነገረውን በማስቀደም ነው። ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትና ሜሪያም ዌብስተር ግን በዕድሜ ይደረድራሉ፤ መጀመሪያ ላይ የምታገኙት ጥንታዊውን ትርጉም ነው። ይህን ሳያውቅ ከሜሪያም ዌብስተር አንደኛውን ትርጉም ቀድቶ የሄደ ተማሪ፣ ከዘመኑ ንግግር የራቀ ነገር ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ለመናገር ስትፈልጉ የተማሪውን፣ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ስትሉ የታሪኩን ክፈቱ።

አምስቱን መልኮች ለዩ

«ጎ»፣ «ጎዝ»፣ «ጎዊንግ»፣ «ዌንት»፣ «ጎን»። አራቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ «ዌንት» ከሌላ ቤት የመጣ ነው።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ማለትም እስከ 1100 ገደማ በነበረው፣ ግሱ «ጋን» ይባል ነበር። የጀርመንኛው «ጌየን» እና የደችኛው «ኻን» ዘመዶቹ ናቸው። ያኔም ቢሆን ያለፈ ጊዜው ከሥሩ የሚወጣ አልነበረም፤ «ኤዮዴ» የሚል ፈጽሞ የማይመስለው ቃል ነበር። በጎን ደግሞ «ዌንዳን» የሚባል ሌላ ግስ ነበረ፤ ትርጉሙ ዞረ፣ አዞረ፣ አቅጣጫ ያዘ። የእሱ ያለፈ ጊዜ «ዌንት» ነው፤ «ሴንድ» ብሎ «ሴንት»፣ «ቤንድ» ብሎ «ቤንት»፣ «ስፔንድ» ብሎ «ስፔንት» እንደሚባለው ሁሉ «ዌንድ» ብሎ «ዌንት»። በ1500 ገደማ «ኤዮዴ» ከመደበኛው አነጋገር ወጣና «ዌንት» ቦታውን ያዘ። ያለፈ ጊዜውን የተነጠቀው «ዌንድ» ደግሞ «ዌንድድ» የሚል አዲስ ሠርቶ፣ ዛሬ መንገድን ቀስ እያሉ መጓዝን በሚገልጽ አንድ አባባል ውስጥ ብቻ ቀርቷል። ስኮትላንዶች ግን በራሳቸው አነጋገር «ጌድ» የሚለውን ከሥሩ የወጣ ያለፈ ጊዜ አቆይተዋል።

ነገሩ እንግዳ የሚመስለው አማርኛችንን ስለለመድነው ነው። «መጣ» ለሚለው ግስ ትእዛዙ ምንድን ነው? «ና»፣ «ነይ»፣ «ኑ»። «ምጣ» የሚል የለም። ስንከለክል ግን ወደ ሥሩ ተመልሰን «አትምጣ» እንላለን። የእንግሊዝኛውም ቀመር ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ «ዲድ» ካለ ወደ ሥሩ ተመለሱ። «ዲድ ዩ ጎ?» ነው እንጂ «ዲድ ዩ ዌንት?» አይባልም፤ «አይ ዲድንት ጎ» ነው እንጂ «አይ ዲድንት ዌንት» አይደለም። «ዲድ» ያለፈ ጊዜን አስቀድሞ ስለወሰደው ግሱ ሁለተኛ ሊሸከመው አይችልም። «ሃቭ» ካለ ደግሞ «ጎን» ብቻ፤ «ሃቭ ዌንት» በፈተናም በማመልከቻም ላይ ስሕተት ነው።

አነባበቡም ላይ ትኩረት ይፈልጋል። የ«ጎ» አናባቢ ሲጀምር አፍ ክፍት፣ ሲጨርስ ከንፈር ክብ ነው፤ ወደ «ጎው» ይጠጋል፤ «ጎዝ»ም እንደዚያው «ጎውዝ»። «ጎን» ላይ ግን ከንፈር አይሰበሰብም፤ አጭርና ክፍት ነው። አጥንት ከሚለው «ቦውን» ጋር ቤት የሚመታ አድርጎ መጥራት በጽሑፍ መመሳሰሉ የሚያመጣው ስሕተት ነው።

አቅጣጫውን ያዙ፦ ካለበት ርቆ መውጣት

የ«ጎ» የጥንት ትርጉሞች አንዱ በእግር መራመድ ነበር፤ ከመጋለብና ከመሮጥ የሚለይበት። ለዚህ ጥሩ ምስክር «ጎ ካርት» ነው። ዛሬ ትንሿ የእሽቅድምድም መኪና ናት፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሕፃን ቆሞ መሄድ የሚለማመድባት ባለ ጎማ መደገፊያ ነበረች። (የእኛው «ሄደ»ም ከእግር ነው የተነሣው። በግዕዝ «ኬደ» ማለት ረገጠ ነው፤ በድሮ መጻሕፍት «ኼደ» ተብሎ ተጽፎ የምታገኙት ለዚህ ነው።)

ከእግር ከተላቀቀ በኋላ የቀረው አሳብ አንድ ነው፦ አሁን ካለበት ቦታ ወይም ሁኔታ መውጣት፣ መራቅ። የ«ካም» አሳብ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ተናጋሪው ወይም ወደ ሰሚው መቅረብ። ይህቺን «ወደ ሰሚው» የምትለውን አትርሷት። ስልክ ደውሎ «የት ደረስክ?» ላለ ሰው «እየመጣሁ ነው» እንላለን፤ እንግሊዝኛውም «አይ አም ካሚንግ» ነው፤ እስካሁን ተስማምተናል።

የምንለያየው «መጣሁ» ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ከስብሰባ ወይም ከጨዋታ መሀል ለአፍታ ሲወጣ «መጣሁ» ብሎ ይነሣል፤ እመለሳለሁ ማለቱ ነው፤ ሁሉም ይገባዋል። ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጦ «አይ አም ካሚንግ» እያለ ወደ በሩ የሚሄድ ሰው ግን ፈረንጁን ግራ ያጋባል፤ ቃሉ ወደ እኔ እየቀረበ ነው ይላል፣ ሰውዬው እየራቀ ነው። እዚህ የሚባለው «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው። ከሌላ ክፍል ሲጠሩን የምንመልሰው «መጣሁ!» ግን «ካሚንግ!» ሆኖ በትክክል ይሄዳል። በሁለቱም ቦታ «አይ ኬም» አይሠራም፤ የእኛ «መጣሁ» መልኩ ያለፈ ቢሆንም ነገሩ ገና ነው፤ እንግሊዝኛው ይህን አይፈቅድም።

«ቱ» መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል

መድረሻ ቦታ ሲጠራ «ቱ» ይገባል፦ «ጎ ቱ ጎንደር»፣ «ጎ ቱ ዘ ባንክ»። የማይገባባቸው ቃላት ጥቂት ስለሆኑ እነሱን ብቻ ማጥናት ይበቃል፦ «ሆም»፣ «ሂር»፣ «ዴር»፣ «አብሮድ»፣ «አፕስቴርስ»፣ «ዳውንታውን»። «ጎ ቱ ሆም» በብዛት የሚሰማ ስሕተት ነው። ምክንያቱ ጥንታዊ ነው፤ በድሮው እንግሊዝኛ ወደ ቤት መሄድ ሲባል «ቤት» የሚለው ስም ራሱ «ወደ» የሚለውን በውስጡ ይዞ ይቆም ነበር፤ ያ አነጋገር በዚህ አንድ ቃል ላይ ሳይነካ ዘለቀ። «የ» ከተጨመረበት ግን ተራ ቦታ ይሆንና «ቱ» ይመለሳል፦ «ጎ ቱ ማይ ብራዘርስ ሆም»።

ሌላው «ዘ» ነው። «ጎ ቱ ስኩል»፣ «ጎ ቱ ቸርች»፣ «ጎ ቱ ቤድ»፣ «ጎ ቱ ፕሪዝን»፣ እነዚህ «ዘ» ሲያጡ ቦታውን ሳይሆን የተሠራበትን ጉዳይ ያመለክታሉ። ልጁ «ጎዝ ቱ ስኩል» ከተባለ ተማሪ ነው፤ አባቱ መምህሩን ሊያነጋግር ከሄደ «ዌንት ቱ ዘ ስኩል» ነው። «ዌንት ቱ ፕሪዝን» የተባለ ታስሯል፤ ጠያቂው «ዌንት ቱ ዘ ፕሪዝን» ነው። አንዱን «ዘ» በመርሳት ጠያቂን እስረኛ ማድረግ ይቻላል። ሆስፒታል ላይ አገሮቹ ይለያያሉ፤ እንግሊዞች ለታመመ ሰው ያለ «ዘ»፣ አሜሪካኖች ሁልጊዜ ከ«ዘ» ጋር ይላሉ።

«ሃዝ ጎን» እና «ሃዝ ቢን»

ይህ ብዙዎችን ለዓመታት ያስቸግራል፤ ቢሆንም አማርኛ መልሱን አስቀድሞ ይዞታል።

«ሄዷል» ስንል ሰውዬው እዚህ የለም። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ዱባይ» ይህ ነው፤ ዱባይ ናት ወይም መንገድ ላይ ናት። «ሄዳ ታውቃለች» ስንል ሄዳ ተመልሳለች። «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ዱባይ» ይህኛው ነው። ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ አስቡና «ሄዷል» ነው ወይስ «ሄዶ ያውቃል» ብላችሁ ጠይቁ፤ እንግሊዝኛው ተከትሎ ይመጣል። የቪዛ ቃለ መጠይቅ ላይ «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ...» ሲባል የሚጠየቀው «ሄደህ ታውቃለህ ወይ» ነው፤ «የስ፣ አይ ሃቭ ጎን» ብሎ መመለስ ለመስማት ይጎረብጣል።

ጊዜው ከተጠራ ሁለቱም ይወድቃሉ። «በ2015 ሄዶ ነበር» ሲባል «ሂ ዌንት ቱ ዱባይ ኢን 2015» ብቻ ነው ትክክሉ። ዓመት፣ ቀን ወይም «የስተርዴይ» እያለ «ሃዝ» መጠቀም አይቻልም።

«ማይ ፎን ኢዝ ጎን» ሲባል ግን «ሃዝ» ቀርቶ «ኢዝ» ገብቷል፤ ስልኬ የለም፣ ጠፍቷል። ይህ ስሕተት አይደለም። በድሮው እንግሊዝኛ የእንቅስቃሴ ግሶች በ«ሃቭ» ሳይሆን በ«ቢ» ነበር የሚነገሩት፤ ጀርመንኛ እስከ ዛሬ እንዲያ ያደርጋል። በእንግሊዝኛ ያ ወግ አልፎ «ኢዝ ጎን» እንደ ቅርስ ቀረ፤ አሁን የሚናገረው ስለ ጉዞው ሳይሆን ስለ ባዶነቱ ነው።

የወደፊቱ «ጎዊንግ ቱ»

ለአንድ ጉዳይ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ጉዳዩን ገና አልፈጸመም፤ ሊፈጽም ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ «ጎዊንግ ቱ» ከዚህ አሳብ ተነሥቶ መንገዱን ጣለና ለወደፊት ጊዜ ብቻ መነገር ጀመረ። ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጦ «አይ አም ጎዊንግ ቱ ስሊፕ» ማለት የሚቻለው በዚህ ነው።

በአማርኛ የሚመጥነው «ል... ነው»፣ «ሊ... ነው» የሚለው አነጋገር ነው። ደመናውን አይተን «ሊዘንብ ነው» እንላለን፤ «ኢት ኢዝ ጎዊንግ ቱ ሬይን»። አስቀድመን ወስነን «መኪናውን ልሸጥ ነው» እንላለን፤ «አይ አም ጎዊንግ ቱ ሴል ዘ ካር»። በር ሲንኳኳ ግን ብድግ ብለን «እኔ እከፍታለሁ» ነው የምንለው፣ «ልከፍት ነው» አይደለም፤ እንግሊዝኛውም እዚያ ላይ «አይል ጌት ኢት» ብሎ ወደ «ዊል» ይሻገራል። ውሳኔው አስቀድሞ የነበረ ከሆነ «ጎዊንግ ቱ»፣ አሁን በአፍ ላይ የተወለደ ከሆነ «ዊል»።

«ጎና» የሚለው አጠራር የሚሠራው ከኋላው ግስ ሲመጣ ብቻ ነው። «አይ አም ጎና ኢት» ይባላል፤ «አይ አም ጎና መርካቶ» ግን ፈጽሞ አይባልም። ቦታ ሲከተል ግሱ ገና እውነተኛው «ሄደ» ስለሆነ አይኮማተርም። በንግግር እንደ ልባችሁ ተጠቀሙበት፤ በሥራ ማመልከቻና በድርሰት ላይ ግን አትጻፉት።

ወተቱ ለምን «ሄደ»፦ «ጎ» ከቅጽል ጋር

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የ«ጎ» ጠባይ በደንብ የሚታይበት ቦታ ነውና። አማርኛ ለያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ግስ አለው፦ ሻገተ፣ ኮመጠጠ፣ ታወረ፣ ሸበተ፣ አበደ፣ ከሰረ። እንግሊዝኛው «ጎ»ን አስቀድሞ ቅጽል ያስከትላል፦ ዳቦው «ዌንት ሞልዲ»፣ ወተቱ «ዌንት ሳወር»፣ ሰውዬው «ዌንት ብላይንድ»፣ ጸጉሩ «ዌንት ግሬይ»፣ ድርጅቱ «ዌንት ባንክራፕት»። እኛ በለመድነው መንገድ ሁሉንም «ቢኬም» ማለት እንወዳለን። ስሕተት ባይሆንም የመጽሐፍ ቃል ስለሆነ ለወተት ይከብዳል።

ምርጫው እንዴት ነው? «ጎ» ከደህናው፣ ከተለመደው፣ ከጤናማው ሁኔታ መውጣትን ይመርጣል። ዓይኑ ማየት ነበረበት፤ ከዚያ ወጣ። ስልኩ መሥራት ነበረበት፤ «ዌንት ዴድ»። ወደ መልካሙ ሲሆን ብዙ ጊዜ «ካም» ይመጣል፦ ሕልሙ «ኬም ትሩ»። ሰው በተራ ሁኔታ ሲለወጥ ደግሞ «ጌት» ነው፦ «ጌት ኦልድ»፣ «ጌት ታየርድ»፣ «ጌት ሲክ»፣ «ጌት ሀንግሪ»። «ጎ ኦልድ» እና «ጎ ታየርድ» አይባሉም።

«ጎ ሀንግሪ» ግን አለ፤ ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ምግብ አጥቶ መዋል፣ ጦም ማደር። «ጎ አንኖቲስድ»ም እንዲሁ ማንም ሳያስተውለው ማለፍ ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚነግሩን ለውጥን ሳይሆን በዚያ ሁኔታ መቆየትን ነው። ቀለማት ክፉም ደግም አይደሉም፤ ፊቱ «ዌንት ሬድ»፣ ቅጠሉ «ዌንት የሎ»። ከዘመኑ የመጡት «ጎ ቫይራል» እና «ጎ ዲጂታል» ደግሞ ከመጥፎ ነገር ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ከተለመደው መውጣት የሚለውን ብቻ ጠብቀዋል።

«ጎ ሾፒንግ»

ከ«ጎ» ቀጥሎ በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ሲመጣ በመሀል «ቱ» የለም፦ «ጎ ሾፒንግ»፣ «ጎ ስዊሚንግ»፣ «ጎ ፊሺንግ»። ድሮ በመሀሉ «ኦን» ነበረ፤ ተሸራርፎ «አ» ሆነና «ጎ አ ሀንቲንግ» ተባለ፤ በኋላ «አ»ዋም ወደቀች። ባዶውን ቦታ በ«ቱ» አትሙሉት።

ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ ለመዝናኛና ለገበያ ዓይነት ተግባር እንጂ ለሁሉም አይሠራም፤ «ጎ ኢቲንግ» እና «ጎ ስተዲንግ» አይባሉም። ሁለተኛ፣ ከኋላው የሚመጣው ቦታ ከ«ጎ» ሳይሆን ከተግባሩ ጋር ነው የሚታሰረው። ስለዚህ «አይ ዌንት ሾፒንግ ቱ መርካቶ» ሳይሆን «አይ ዌንት ሾፒንግ ኢን መርካቶ» ነው፤ ዋናው ሐይቁ ውስጥ ስለሆነ «ዌንት ስዊሚንግ ኢን ዘ ሌክ» ነው። በአማርኛ «መርካቶ ልገዛ ሄድኩ» ስለምንል «ቱ» የሚያስገድደን ይመስለናል።

ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ

«ኦን»፣ «ኦፍ»፣ «አውት»፣ «ስሩ»... እነዚህ ከ«ጎ» ጋር ሲጣመሩ የሚሰጡት ትርጉም ብዙ ነው። ዝርዝሩን ከመሸምደድ ይልቅ ቅንጣቱ ብቻውን ወዴት እንደሚያመለክት እዩ።

«ኦን» ወደፊት ነው። «ጎ ኦን» ቀጥል ማለት ነው፤ «ዋትስ ጎዊንግ ኦን?» እዚህ ምን እየተካሄደ ነው። ቀጥሎ በሚመጣው ግስ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ «ዌንት ኦን ቶኪንግ» ንግግሩን ሳያቋርጥ ቀጠለ፤ «ዌንት ኦን ቱ ቶክ» ሌላ ነገር ሲያደርግ ቆይቶ ወደ ንግግር ተሻገረ።

«ኦፍ» ከነበረበት መላቀቅ ነው፤ መግቢያው ላይ ያየነው እንቆቅልሽም የሚፈታው በዚህ ነው። ማንቂያ፣ ጠመንጃና ቦምብ ታፍነው የሚጠብቁ ነገሮች ናቸው፤ ሲላቀቁ ይጮኻሉ፣ ይፈነዳሉ። መብራትና ማሞቂያ ከኃይላቸው ሲላቀቁ ይጠፋሉ። ስለዚህ «ዚ አላርም ዌንት ኦፍ አት 6» ካለ በ6 ሰዓት ጮኋል፤ የእነሱ 6 በእኛ 12 መሆኑን አትርሱ። በብሪታንያ ምግብ «ሃዝ ጎን ኦፍ» ከተባለ ተበላሽቷል፤ አሜሪካ ግን «ባድ» ይላሉ።

«አውት» ወደ ውጭ ነው፤ እሳትና ሻማም «ጎ አውት» ሲሉ ጠፉ ማለት ነው። ከሰው ጋር «ጎዊንግ አውት» ከሆኑ የፍቅር ጓደኛሞች ናቸው። «ስሩ» በመሀል ማለፍ ነው፤ መከራን ማሳለፍም፣ ወረቀትን ገልጦ መመርመርም። ባንክ ወይም ገንዘብ አስተላላፊ «ዘ ፔይመንት ዌንት ስሩ» ካለ ብሩ አልፏል፤ «ዲድንት ጎ ስሩ» ካለ ተመልሷል ወይም ተይዟል፤ ደረሰኝ ጠይቁ። «ኦቨር» ከላይ ሆኖ ማየት፣ መከለስ። «አንደር» ለድርጅት ሲባል መክሰር፣ መስጠም። «ዊዝ» ላይ አማርኛ አብሮን ነው፤ ነጠላው ከቀሚሱ ጋር «ይሄዳል» እንላለን፤ እነሱም «ኢት ጎዝ ዊዝ» ይላሉ።

ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ሦስቱ ቶሎ ይጠቅማሉ። አሜሪካ ምግብ ቤት ውስጥ «ፎር ሂር ኦር ቱ ጎ?» ሲባል እዚህ ይበላል ወይስ ይታሸግ ማለት ነው፤ መልሱ «ቱ ጎ፣ ፕሊዝ» ብቻ ነው። ብሪታንያ ይህ «ቴክ አዌይ» ይባላል። ረጅም ስም ላለን «ዋት ዱ ዩ ጎ ባይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ የሚጠይቁት የምትጠሩበትን ነው፣ የመጣችሁበትን መጓጓዣ አይደለም። መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ «ሃው ዱ አይ ጎ አባውት ሪኒዊንግ ዚስ?» ማለት «ይህን ለማሳደስ ከየት ልጀምር?» የሚለው ነው፤ ከቀጥታው ጥያቄ ይልቅ ትሕትና አለው።

ለልምምድ አንድ የዜና ገጽ ወይም የፊልም ግርጌ ጽሑፍ ውሰዱና 20 «ጎ» አስምሩ፤ «ዌንት»ና «ጎን»ም ይቆጠራሉ። በአምስት ክፍል መድቧቸው፦ እውነተኛ ጉዞ፣ የወደፊት ጊዜ፣ ከቅጽል ጋር ለውጥ፣ ከ«ኢንግ» ጋር ተግባር፣ ከቅንጣት ጋር። የትም ያልገባላችሁን ብቻ መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጉ። ከያንዳንዱ ጎን የአማርኛውን ግስ ጻፉ፤ «ሄደ» ብቻ እየጻፋችሁ ከሆነ ምደባው ላይ ስሕተት አለ ማለት ነው።

የተደበቁት ዘመዶች

ከሁሉ የሚጠቅመው «አጎ» ነው። ከ«ጎ» የወጣ መሆኑን ብዙ ሰው አይጠረጥርም። በድሮው እንግሊዝኛ «አጋን» አለፈ፣ ሄዶ አለቀ ማለት ነበር፤ «አጎን» ሆነ፤ በኋላ «አጎ» ብቻ ቀረ። «ስሪ ይርስ አጎ» በቁሙ ሲፈታ «ሦስት ዓመት ሄዶ» ነው። ከቁጥሩ በኋላ የሚቆመውም ለዚህ ነው፤ ዓመቱ ቀርቦ፣ ቀጥሎ ማለፉ ይነገራል።

የእኛ «ከሦስት ዓመት በፊት» ሰዎችን ወደ «ቢፎር ስሪ ይርስ» ይገፋፋል፤ አማርኛ ተናጋሪ ከሚሠራቸው የእንግሊዝኛ ስሕተቶች በብዛት የሚሰማው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቆጠራው ከአሁን ወደኋላ ከሆነ «አጎ»፣ ግሱም ተራ ያለፈ ጊዜ ነው፦ «አይ ኬም ስሪ ይርስ አጎ»። «ሃቭ» አይገባበትም፤ ዓመታቱ አልቀው ተዘግተዋልና። ቆጠራው ካለፈ ሌላ ነገር ተነሥቶ ወደኋላ ሲሆን ብቻ «ቢፎር» ከቁጥሩ ኋላ ይመጣል፦ እኔ የደረስኩት በ2010 ነው፤ እሱ የመጣው «ቱ ይርስ ቢፎር»፣ ማለትም በ2008።

«ጋንግ» የሚለው ዘመድ ይመስላል፤ ግን ከ«ጎ» ሥር ሳይሆን መሄድ ማለት ከነበረ ሌላ ጥንታዊ ሥር የመጣ ነው። መነሻው መሄድ፣ ጉዞ ነበር፤ ከዚያ አብረው የሚሄዱ ሰዎች፣ የሠራተኛ ቡድን፣ በመጨረሻም የወንበዴ ቡድን ሆነ። የድሮውን ትርጉም መርከብ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሰው የሚተላለፍበት «ጋንግዌይ» ይባላል፣ መተላለፊያ።

«አንደርጎ» ቀዶ ሕክምናን ወይም ምርመራን በራስ ላይ መቀበል ነው። «ፎርጎ» የተባሉት ሁለት ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ ሲሆን አጻጻፋቸው ይለያል። ከ«አር» ቀጥሎ «ኢ» የሌለው መተው፣ መቅረት ነው፤ ደመወዙን ትቶ የሠራ ሰው የሚነገርበት። «ኢ» ያለው መቅደም ነው፤ አስቀድሞ የታወቀ ውጤት «ፎርጎን ኮንክሉዥን» ሲባል በዚህኛው ይጻፋል። ሁሉም ያለፈ ጊዜያቸውን የሚወስዱት ከዚያው ከእንግዳው ቤት ነው፦ «አንደርጎ፣ አንደርዌንት፣ አንደርጎን»፤ «ፎርጎ፣ ፎርዌንት፣ ፎርጎን»። «አንደርጎድ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ቃሉን ለሁለት ክፈሉለት፤ «ጎ»ን ነጥሎ ሲያየው ቀሪውን ራሱ ያርመዋል።